ከንፈር የማይመጥ ካሜራ

ባለፈው እትም ስለ ሴኔጋላዊው የፊልም ሰው ስለ ጅብሪል ጆፕ ማምቤቲ በጥቂት መስመር ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ እርሱ ናቸው፤ ብዙዎቹ ደግሞ የቁጣ ናቸው። ደስ ብሎኛል፤ ፊልም አይቶ የተቆጣ አንባቢ ፊልሙን በእርግጥ አይቷል ማለት ነው። ሦስቱን መርጫለሁ። ለመጀመሪያዋ ጠያቂ ረዘም አድርጌ መልሻለሁ፤ ጥያቄዋ የብዙዎች ጥያቄ ነውና።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የእርስዎን አምድ አንብቤ ‹ቱኪ ቡኪ›ን ቆጪ በተከራየናት ቤት ከጓደኞቼ ጋር ሆነን አየነው። ገና ሲጀምር ከብት ይታረዳል፣ ደሙ ወለሉ ላይ ይፈሳል፣ ካሜራው ዞር አይልም። ሁለቱ ጓደኞቼ ተነስተው ወጡ። ሌላው ደግሞ ‹ይህ ሰው የአፍሪካን ገመና ለፈረንጅ የሸጠ ነው› አለ። እኔ እስከ መጨረሻው አየሁት፤ በጣም ወደድኩት። ለምን እንደወደድኩት ስጠየቅ ግን መልስ አጣሁ። እርስዎስ ለምን ያደንቁታል? ፊልሙ እንግዳ ስለሆነ ብቻ አይደለም?» — ተማሪ፣ ከቆጪ

መልስ፦ ልጄ፣ በቅድሚያ ስለ ደሙ እናውራ። እኛ ቅርጫ የምንገባ ሕዝብ ነን። ለፋሲካ በሬ ሲጣል፣ ለአረፋ በግ ሲታረድ ሳያይ ያደገ የጅማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ጓደኞችሽን ያስወጣቸው ደሙ ብቻ ነው ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል። የበዓል ዕርድ ከኋላው ድስት አለው፣ እንግዳ አለው፣ ምርቃት አለው፤ ዓይናችን ደሙን አልፎ ወደዚያ ይሄዳል። የማምቤቲ ቄራ ውስጥ ድስቱም እንግዳውም የሉም። በሬው ይጎተታል፣ ይወድቃል፣ ይታረዳል። ዓይናችንን የምናሳርፍበት ቦታ አልሰጠንም። የከበዳቸው ይህ ይመስለኛል።

አሁን ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚመጣ ልብ በይ። ፊልሙ ሲከፈት አንድ ትንሽ ልጅ ሻኛ ባለው በሬ ላይ ተቀምጦ መንጋውን ይዞ ወደ እኛ ይመጣል፤ ዋሽንት ይሰማል፤ ደስ የሚል የገጠር ሥዕል ነው። ከዚያ ቄራው ይከተላል። ከቄራው ወጥተን ሳንረጋጋ ሞሪ በሞተር ብስክሌቱ የዳካርን መንገድ ሲያቋርጥ እናያለን፤ በሞተሩ መሪ ላይ የበሬ ራስ ቅል ከነቀንዱ ታስሯል። ሞሪ ከብት ጠባቂ ነው፤ ፍቅረኛው አንታ እንደ አንቺ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ሁለቱም የሚያልሙት ፓሪስን ነው። የታረደው በሬና የሚያልመው ወጣት በምን እንደሚገናኙ የሚነግረን ተራኪ የለም። ቀንዱን እናያለን፤ ይበቃል። ወደ መጨረሻው ሁለቱ ወደብ ይደርሳሉ። ትኬቱ ተቆርጧል፣ ልብሱ አምሯል። የመርከቡ ጥሩንባ ሲጮህ ግን የቄራው ከብቶች ድምፅ አብሮት ይመጣል። ሞሪ ይቆማል፤ ከዚያ ዞሮ ይሮጣል። አንታ ትሄዳለች። ቄራውን ሸሽተው የወጡት ጓደኞችሽ ሞሪ ከምን እንደሸሸ ሳያውቁ ቀሩ። እባክሽ መልሰሽ ጥሪያቸው።

ማምቤቲ «አትሂዱ» አላለም፤ «ሂዱ»ም አላለም። ይህ ለእኛ ከተማ ትልቅ ነገር ነው። በየሰፈራችን ወደ አረብ ሀገር የሄደች ልጅ አለች፤ በዚያው ቤት ፓስፖርቱን አውጥቶ ሻንጣውን አዘጋጅቶ የቀረ ወንድም አለ። ለሄደችው ምክር የሚሰጥ ፊልም ብዙ አይተናል። የቀረውንም የሄደችውንም ሳይነቅፍ፣ ለሁለቱም እኩል ቦታ ሰጥቶ የሚያሳይ ግን እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ አላጋጠመኝም። የሚገርመው ሕይወትም ይህንኑ ፊልም ተከትላ መሄዷ ነው፤ ሞሪን የተጫወተው ማጋዬ ኒያንግ ዳካር ቀረ፤ አንታን የተጫወተችው ማሬም ኒያንግ ሀገር ለቃ ወጣች። የማምቤቲ የወንድሙ ልጅ ማቲ ጆፕ እ.ኤ.አ. በ2013 በዚሁ ነገር ላይ «ሺህ ፀሐዮች» የተባለ ፊልም ሠርታለች።

ስለ ድምፁ ሳልናገር አላልፍም፤ እኔን የያዘኝ መጀመሪያ እርሱ ነውና። ማምቤቲ እ.ኤ.አ. በ1945 በዳካር አጠገብ በምትገኘው በኮሎባን ተወለደ፤ አባቱ ኢማም ነበሩ። ልጅ ሳለ በሰፈሩ ጣራ የሌለው ሲኒማ ነበር። እርሱና ጓደኞቹ የመግቢያ ገንዘብ ስላልነበራቸው ከውጭ ቆመው የካውቦይ ፊልሞችን በጆሯቸው ይከታተሉ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። እኔ ደግሞ መርካቶ አካባቢ የቪዲዮ ቤት በነበረኝ ዘመን ይህንኑ በዓይኔ አይቻለሁ። የቤቱ ግድግዳ ቆርቆሮ ነበር፤ ሳንቲም ያልያዙ ልጆች ጆሯቸውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፈው ይቆሙ ነበር። ከእነርሱ አንዱ፣ ዛሬ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ነው፣ በማግስቱ ፊልሙን ከውስጥ ከተቀመጡት ይበልጥ አሳምሮ ይተርክ ነበር። ፈረሱ ከየት በኩል እንደመጣ፣ ሰውየው በደረቱ ይውደቅ በጀርባው ይውደቅ በድምፁ ለይቶ ያውቃል። ከውስጥ የነበሩት ልጆች «አዎ፣ እንደዚያ ነው» ይሉታል፤ አንዳንዴም ያላዩትን «አይተናል» ይሉታል፤ የእርሱ ይሻላልና። ስለዚህ «ቱኪ ቡኪ» ውስጥ ድምፅ ለብቻው ሲራመድ፣ ሞተሩ ሳይታይ ሲጮህ፣ የጆሴፊን ቤከር «ፓሪስ፣ ፓሪስ» የሚለው ዘፈን ሰው እስኪሰለቸው ሲመላለስ፣ ከግድግዳ ውጭ ያደገ የልጅ ጆሮ እንደሠራው ወዲያው ገባኝ። የትወና ሥራ የጀመረው በዳካሩ የዳንኤል ሶራኖ ብሔራዊ ቲያትር ነው፤ ከዚያም ሥርዓት አልያዝክም ተብሎ ተባረረ። የፊልም ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም።

«የአፍሪካን ገመና ለፈረንጅ ሸጠ» ለሚለው ጓደኛሽ መልሴ ይህ ነው። ሞሪና አንታ ገንዘብ ለመስረቅ መጀመሪያ የገቡት የት ነው? ለፈረንሳዩ መሪ ለደጎል መታሰቢያ ማሠሪያ መዋጮ የሚሰበሰብበት የትግል ግጥሚያ ላይ ነው። ሰርቀው የወጡት ሣጥን ሲከፈት ደግሞ ራስ ቅል ሆኖ ተገኘ። በመርከቡ ላይ የተቀመጡት ፈረንጆች ስለ ሴኔጋል ሰዎች የሚያወሩትን መልሰሽ ስሚው፤ እነዚያ ሰዎች ይህን ፊልም ገዝተው በደስታ የሚሄዱበት ምክንያት የለም። በእርግጥ ፊልሙ በወጣበት በ1973 እ.ኤ.አ. በካን የፊልም ፌስቲቫል የዓለም አቀፍ ሐያስያንን ሽልማት፣ በሞስኮው ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ሻጭ ቢሆን ኖሮ ገበያው በተከፈተለት ሰዓት ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ይዞ በቀረበ ነበር። ማምቤቲ ግን ቀጣዩን ረጅም ፊልም ያወጣው ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው።

ፊልሙ ሁሉ እኩል ነው አልልም። ወደ ሀብታሙ ቻርሊ ቤት የሚሄዱበት ክፍል ይዝላል፤ ቻርሊንም ሰው አድርጎ አልሣለውም፤ እንዲሳቅበት ነው ያቀረበው። ሌሎቹን ያከበረ እጅ እዚያ ላይ ቸኩሏል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ፤ ለምን አደንቀዋለሁ? ከንፈር ስለማይመጥ ነው። ድሀ ሲያይ ከንፈሩን የሚመጥ ካሜራ እናውቃለን። በእኛ አቆጣጠር የ1977ቱን ድርቅ ዓለም ያየው በእንደዚያ ዓይነት ካሜራ ነው፤ ልጁ ስም የለውም፣ እናቱ ስም የላትም፣ የሚታየው አጥንትና ዝንብ ነው፤ እኛም ሀገር ለቀን በሄድንበት ሁሉ ያ ሥዕል ቀድሞን ይደርሳል። የማምቤቲ ድሆች ይሰርቃሉ፣ ይኩራራሉ፣ ይሳደባሉ፣ ያምራሉ፣ ይዋሻሉ። ሞሪ ልብሱን ጥሎ በተሰረቀው መኪና ላይ ራቁቱን ቆሞ ለሕዝብ እጁን ሲያውለበልብ፣ ምንም የሌለው ሰው ንጉሥ ነኝ ብሎ ለአንድ ቀን ሲያምን እናያለን። ማንም አያዝንለትም፤ እርሱም አይጠይቅም። የእርሱ ነገር ቆስቋሽ የሆነብን ከዚህ የተነሳ ነው፤ ማዘን ለምደን ማዘን ሲከለከል ምን እንደምንሆን አናውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2018 ቢዮንሴና ጄይ ዚ ለጋራ የሙዚቃ ጉዟቸው ማስተዋወቂያ በባለቀንዱ ሞተር ላይ ተቀምጠው ፎቶ ተነስተው ነበር። ፎቶው ያማረ ነው፤ ብዙ ወጣትም በዚያ ምክንያት ስለ ፊልሙ ሰምቷል፤ ደግ ነው። ቄራው ግን የለበትም። ቀንዱን ከቄራው ነጥሎ መውሰድ ከተቻለ ጓደኞችሽም ወንበራቸው ላይ ይቆዩ ነበር። አንቺ የወደድሽው ያልተነጠለውን ነው።

ጥያቄ፦ «ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ አጋሮ ከተማ የቡና ነጋዴ ነኝ፤ ዕድሜዬ ገፍቷል። ልጄ ‹ጅቦች› የሚለውን የዚሁን ሰውዬ ፊልም አሳየችኝና እንቅልፍ ነሳኝ። ከተማ ሙሉ ሰው ለገንዘብ ብሎ ባልንጀራውን ይበላል ማለት ሕዝብን መሳደብ አይሆንም? እርስዎ ይህን ፍቅር ነው ብለው መጻፍዎ አልገባኝም።»

መልስ፦ ጋሼ፣ እንቅልፍ በማጣትዎ አዝናለሁ፤ የጻፉልኝ ግን ፊልሙን ከኔ በበለጠ የሚረዱት ሰው ስለሆኑ ይመስለኛል። ምክንያቴን እነግርዎታለሁ።

ላላዩት አንባቢዎች ታሪኩ ይህ ነው። ራማቱ የተባለች ሴት በወጣትነቷ ከድራማን ድራሜ ታረግዛለች። ድራማን ሁለት የሐሰት ምስክር ገዝቶ ልጁ የኔ አይደለም ብሎ ይክዳታል፤ ከመንደሯ ተባርራ በየሀገሩ ገላዋን ሸጣ ትኖራለች። በስተርጅና ተመልሳ ስትመጣ ሀብቷ ከዓለም ባንክ ጋር የሚወራ ነው፤ አንድ እጇና አንድ እግሯ የወርቅ ናቸው። ለደኸየችው ከተማ ገንዘብ ላፍስስ ትላለች፤ ዋጋው የድራማን ነፍስ ነው። ድራማን በዚህ ጊዜ የተወደደ ባለሱቅ ሆኗል። ከተማው «እኛ ሰው አንሸጥም» ብሎ ይምላል። መነሻው የስዊዘርላንዱ ጸሐፌ ተውኔት የፍሬድሪክ ዱረንማት የ1956 እ.ኤ.አ. ተውኔት ነው፤ ማምቤቲ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ኮሎባን አመጣው።

አሁን ሱቁን ያስታውሱ። ደንበኞቹ ይገባሉ፤ ጥሩ ጥሩውን ዕቃ ያነሳሉ፤ «ጻፍብኝ» ይላሉ። ድራማን ይጽፋል። ከዚያ ዓይኑ ወደ እግራቸው ይወርዳል፤ አዲስ ቢጫ ጫማ አድርገዋል፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ነው። ሌላውም ቢጫ ጫማ አድርጓል። ሌላዋም። ትናንት የሚበሉት ያጡ ሰዎች ዛሬ በዱቤ ሲገዙ ከምን ሊከፍሉ ነው? ማንም በአንደበቱ «እንግደልህ» ሳይለው ድራማን ፍርዱን ከጫማው አነበበ። ከተማው ምሏል፤ ጫማው ግን ተገዝቷል።

እርስዎ የዱቤ መዝገብ ይዘው ዘመን ያሳለፉ ሰው ነዎት። ቡናው ገና አበባ ላይ ሳለ ብድር የወሰደ ገበሬ፣ ጀንፈሉ ሳይደርቅ ዋጋው እንደተበላ ያውቃል፤ ያበደረውም ያውቃል፤ ሁለቱም ግን እስከ ለቀማው ድረስ በሰላምታና በቡና ይገናኛሉ። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። ዕዳው ከንግግራቸው ቀድሞ ስለተራመደ ነው። ማምቤቲ ያሳየው ይህንን ነው፤ በኮሎባን አንድም ጭራቅ የለም፤ ጫማ የፈለጉ ሰዎች ናቸው። መምህሩ ሲያመነታና ሲጠጣ፣ የድራማን ሚስት አዲስ ዕቃ ስታይ ፊቷ ሲፈካ ካሜራው አይጠላቸውም።

ሕዝብን መሳደብ ነው ላሉት፣ ይህን ብቻ ልጨምር። ታሪኩን በጎረቤት ሀገር ወይም ስም በሌለው መንደር ላይ ማድረግ ይችል ነበር። የተወለደባትን፣ ከሲኒማው ግድግዳ ውጭ የቆመባትን ኮሎባንን በስሟ ጠራ። ራሱም ከራማቱ ጋር ከመጡት አንዱ ሆኖ ተጫውቷል። በመጨረሻ ሰዎቹ ድራማንን ከበውት ሲበተኑ መሬት ላይ የቀረው ልብሱ ብቻ ነው፤ ቀጥሎ የምድር መጥረጊያው ማሽን፣ ቡልዶዘሩ፣ ይመጣል። ከራሱ ደጅ ጀምሮ እንዲህ የሚናገር ሰው ሲያጋጥመኝ ለወገኑ ቢቆረቆር ነው እላለሁ። ልጅዎን ስለ ምርጫዋ አመስግኑልኝ።

ጥያቄ፦ «ካሜራ የለኝም፤ ስልክ አለኝ። ጅማ ተቀምጬ ፊልም መሥራት እፈልጋለሁ። ከማምቤቲ ምን ልማር? ከየትኛው ፊልሙ ልጀምር?» — ወጣት፣ ከሂርማታ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ፊልሞቹ ጀምር። እያንዳንዳቸው ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ናቸው፤ «ፍራንኩ» የ1994፣ «ፀሐይ ሻጯ ልጅ» የ1999 እ.ኤ.አ.። ስለ ተራ ሰዎች ሦስት አጫጭር ፊልሞችን አቅዶ ነበር፤ ሦስተኛው ሳይሠራ በሐምሌ 1998 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ በሳንባ ካንሰር ሞተ፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሁለተኛውም ለሕዝብ የቀረበው ከሞቱ በኋላ ነው።

«ፍራንኩ» እ.ኤ.አ. በጥር 1994 የምዕራብ አፍሪካው ሴፋ ፍራንክ ከፈረንሳይ ፍራንክ ጋር ያለው ምንዛሪ በአንድ ጊዜ በግማሽ ሲወርድ የሆነ ታሪክ ነው። ምንዛሪ ሲወርድ ኪስ ምን እንደሚሆን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ማሪጎ የተባለ ሙዚቀኛ የቤት ኪራይ ስላልከፈለ አከራዩዋ የሙዚቃ መሣሪያውን ወስዳበታለች። ሎተሪ ይቆርጣል፤ እንዳይጠፋበት በሩ ላይ በሙጫ ይለጥፈዋል፤ ላዩ ላይ የጀግናውን ሥዕል ይደርብበታል። ሎተሪው ይወጣለታል፤ ትኬቱ ግን ከበሩ አይላቀቅም። በሩን ነቅሎ ተሸክሞ ዳካርን ያቋርጣል። አንድ ሰው፣ አንድ በር፣ አንድ ከተማ፤ ከዚህ ሌላ ምንም አላስፈለገውም። ስለ ገንዘብ ምንዛሪ የተጻፉ ረጃጅም ጽሑፎች ያላስጨበጡኝን ያ በር አስጨብጦኛል።

በሁለተኛው ሲሊ የምትባል በክራንች የምትሄድ ልጅ «ወንዶች ጋዜጣ የሚሸጡ ከሆነ እኔስ ለምን አልሸጥም?» ብላ «ፀሐይ» የተባለውን ጋዜጣ ለመሸጥ ትነሳለች። ወንዶቹ ይገፏታል፣ ክራንቿን ይሰርቋታል። እዚህም ላይ ካሜራው ከንፈር ሲመጥ አታየውም፤ ከእርሷ ጋር እኩል ይሄዳል፤ ስትቆጣ ይቆጣል፣ ስትጨፍር ይጨፍራል።

ከእነዚህ በኋላ «ጅቦች»ን፣ በመጨረሻ «ቱኪ ቡኪ»ን እይ። የአሜሪካዊው የፊልም ሰው የማርቲን ስኮርሴዚ የዓለም ሲኒማ ፋውንዴሽን በ2008 እ.ኤ.አ. «ቱኪ ቡኪ»ን በጣሊያኗ ከተማ በቦሎኛ አሳድሶታል፤ ከቻልክ የታደሰውን ቅጂ ፈልግ፤ ቀለሙ ብዙ ልዩነት አለው። ስለ ገንዘብ ካሰብክ ደግሞ ፊልሙ የተሠራው በሠላሳ ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ከሀገራችን የኃይሌ ገሪማን የ1976 እ.ኤ.አ.ውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ጎን ለጎን ብታየው ደስ ይለኛል፤ በጥቁርና ነጭ፣ ገበሬውን በራሱ ጊዜና በራሱ ዝግታ ያሳየ ፊልም ነው፤ ሁለቱ አፍሪካውያን በአንድ ዘመን በሁለት ፍጹም የተለያየ መንገድ እንደሄዱ ታያለህ።

ለሥራው ግን ሌላ ፈቃድ አትጠብቅ። በገበያ ቀን ስልክህን ይዘህ ሂርማታ ውረድ። ምስል አትቅረጽ፤ ድምፅ ብቻ ቅረጽ። ቡና የሚሰፍሩትን፣ ዶሮ የያዙትን፣ ለዋጋ የሚሟገቱትን፣ ዝናቡ ሲጀምር ሸራ የሚጎትቱትን። ቤትህ ገብተህ መብራት አጥፍተህ ስማው፤ ምስሉን ያለ ካሜራ ካየኸው ያን ክፍል ለይተህ ያዝ። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ለዚያ ክፍል ብቻ ምስል ለመፈለግ ተመልሰህ ሂድ። ሰው ስትቀርጽ አስፈቅድ፤ ስሙንም ጠይቅ። ሲያልቅ ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ላክልኝ፤ አይቼ በዚሁ አምድ እመልስልሃለሁ።